መድኃኒቱ ቦንጋ አለ፤ ወጣቱን የሚይዘው እጅ ግን የት ነው?

ጥያቄውን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ አይደለም። አክስት ናት፣ አያት ናት፣ አልፎ አልፎም የቁርኣን አስተማሪ ነው። ሰው እንዳይሰማ ድምፅ ዝቅ ይልና «ልጁ 16 ዓመት ሞልቶታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድኃኒት ሲወስድ ነው የኖረው። አሁን አልውጥም አለ። ማን ያናግርልን?» የሚል ይመጣል። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ሰምተነዋል፤ ዛሬም ከመስጂድ ስንወጣ እንሰማዋለን። ከካፋ ዞኗ ደካ ይምጣ ከአዲስ አበባ ጥያቄው አንድ ነው። መልሱ ግን አንድ አይደለም። ለአዲስ አበባው ቤተሰብ ስም ጠርተን የምንልክበት ሆስፒታልና ማኅበር አናጣም። ለደካው ቤተሰብ የምንለው «ቦንጋ ሂዱ» ብቻ ነው። ቦንጋ ደርሰው ምን መጠየቅ እንዳለባቸው፣ ከዚያ ሲመለሱ ደግሞ ማን እንደሚቀበላቸው አንነግራቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛም በቅጡ አስበንበት አናውቅም ነበር።

ኤችአይቪ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ 1990ዎቹ ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው፣ በየሳምንቱ ቀብር፣ አስፈሪ ፖስተር። በአገራችን የቫይረሱ መኖር የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1978 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረው ታሪክ በአብዛኛው የሞት ታሪክ ነበር። በነፃ የሚሰጥ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገር ደረጃ የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ነገሩ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያን ዘመን ከእናታቸው ቫይረሱን ይዘው የተወለዱና መድኃኒቱ የደረሰላቸው ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ኮሌጅ ገብተዋል፣ ሱቅ ይዘዋል፣ ኒካሕ ያስባሉ። «አያድጉም» ተብለው የነበሩት ልጆች አደጉ፣ አልሐምዱሊላህ። ቤተሰቡም ሆነ መስጂዱ ግን ለዕድገታቸው አልተዘጋጀም ነበር።

ቁጥሩን በአጭሩ እንንገር። በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ከ6 መቶ ሺህ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ስርጭቱን ከመቶ 0.9 አድርጎ አስቀምጦታል። በ2017 እና 2018 (እ.ኤ.አ.) በከተሞች ብቻ በተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉት ላይ 3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የከተማውና የገጠሩ ልዩነት ይህን ያህል ነው። ለዚህም ይመስላል አገልግሎቱ ወደ ከተማ ያጋደለው። የደካ ልጅ በቁጥሩ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ብቸኛ ነው። በመንደሩ ሌላ እንደርሱ ያለ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ወደ ቦንጋ እንመለስ። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መቀመጫዋን እዚያ አድርጓል። የገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው ነው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልግ ሕክምና መንገዱ 1 መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጅማ ይወስዳል። ምርመራው፣ መድኃኒቱና የቫይረሱን መጠን የሚለካው የደም ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ነፃ ያልሆነው መንገዱ ነው። ካፋን የሚያውቅ ሰው ዝናቡን ያውቃል፤ ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ምን እንደሚመስልም ያውቃል። የሞተር ወይም የመኪና ሂሳብ፣ የአንድ ቀን ትምህርት፣ አብሮ የሚሄደው ዘመድ የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራ፤ ይህ ሁሉ ሲደመር «ነፃ» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ እጁ ቡና ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የወደቀ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ወድቆ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቦንጋ ሲደርስ ምን ይጠይቅ? መጀመሪያ የቀጠሮውን ርዝመት። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱና ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች በየወሩ እንዳይመላለሱ የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚያገኙበት አሠራር አለ፤ እስከ 6 ወር የሚደርስም አለው። ልጃችን ለዚህ ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛው ዝውውር ነው። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ የአክስቱ ጎረቤት የሆነችበት ወጣት በዝውውር ወረቀት ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይችላል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ርቆ የሚሄደውም እንዲሁ። ወረቀቱን ሳይዝ ሄዶ መድኃኒቱ ያለቀበት ወጣት «ከየት መጣህ» መባሉን ፈርቶ ይቀራል። ወረቀቱ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ያለ እርሱ ስንት ልጅ እንደጠፋ ግን የክፍሉ ባለሙያዎች ይነግሯችኋል።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ «የሚያናግረው ሰው አለ ወይ?» የሚለው ነው። ሐኪሙን ማለታችን አይደለም። ሐኪሙ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ አለበት። በአገራችን ይህን ሥራ ለዓመታት የያዙት የመድኃኒት አወሳሰድ ደጋፊዎችና የጉዳይ ክትትል ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ናቸው። ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው በስልክ ይፈልጋሉ፣ ካስፈለገም ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። «እኔም እንዳንተው ነኝ» ማለት የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው። ይህ ሥራ ከየት እንደተነሣም እናስታውስ። መቅድም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የተስፋ ጎህ ደግሞ በ1998 ሲመሠረቱ መድኃኒቱ ገና አልመጣም ነበር። ሰዎቹ የተሰባሰቡት መድኃኒት ለመካፈል ሳይሆን ብቻቸውን ላለመሞት ነበር።

የዛሬው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች የብዙዎቹ ደመወዝ ይከፈል የነበረው ከአሜሪካ በሚመጣ ገንዘብ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20፣ 2025) አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት አገደ። ሕይወት አድን ለሆነው የኤችአይቪ ሕክምና በቀናት ውስጥ ፈቃድ ስለተሰጠ መድኃኒቱ ከመደርደሪያ አልጠፋም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞችን ውል ማቋረጡን በደብዳቤ አሳወቀ። ዩኤስኤአይዲ የተባለው ተቋም ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራውን አቆመ።

ብዙ ዘገባዎች ጉዳዩን «መድኃኒት ይቋረጣል ወይ?» በሚል ብቻ ተከታተሉት። እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበናል። መድኃኒት ለአዋቂ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለ16 ዓመት ልጅ አይበቃም። ዕድሜው ራሱ «ለምን?» የሚባልበት ዕድሜ ነው። ልጁ ታምሞ አያውቅም። ደህና ሆኖ ሳለ በየማታው ኪኒን ዋጥ ይባላል። ኪኒኑ የምን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልተነገረውም፤ «የደም ማነስ ነው»፣ «የሳንባ ነው» ተብሎ ነው ያደገው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ልጆች ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በሚገባቸው መጠን ደረጃ በደረጃ እውነቱ እንዲነገራቸው ይመክራል። እኛ ዘንድ አያቲቱ ለመናገር ትፈራለች፤ መናገር የእናቱን ታሪክ መናገር ነውና። ልጁ መጨረሻ ላይ እውነቱን ከካርዱ ላይ አንብቦ ወይም ከጓደኛ ሰምቶ ያውቃል። መድኃኒቱን የሚጥለው ያን ቀን ነው። የሚጥለው በሽታውን ብቻ ጠልቶ አይመስለንም፤ ተዋሸሁ ብሎ ነው። ይህን ልጅ የሚመልሰው የፋርማሲ መደርደሪያ አይደለም፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያናግረው ያ የተሰናበተው ሠራተኛ ነበር።

እንግዲህ እኛ ሙስሊሞች ይህን ክፍተት እያየን ምን እናደርጋለን? ከማድረግ በፊት ማቆም ያለብን ነገር አለ።

በመስጂዶቻችን ኤችአይቪ በኹጥባ የሚነሳው ዚና ሲወገዝ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዚናን ማውገዝ የኢማሙ ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን ከፊት ሰፍ የተቀመጠው፣ ከእናቱ ማሕፀን ቫይረሱን ይዞ የወጣው ወጣት ያን ኹጥባ እንዴት እንደሚሰማው እናስብ። ምንም ሳይሠራ ወንጀለኛ ሆኖ ይወጣል። ታሪካችን ለዚህ ጥሩ ትምህርት አለው። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን፣ በሂጅራ 18ኛው ዓመት፣ ሻምን የመታው የዐምዋስ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳንና ሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ) ወስዷል። አንደኛው ጀነት ከተበሰረላቸው አሥሩ ሰሓቦች ነው፤ ሌላው ከሰሓቦች መካከል ሐላልና ሐራምን በማወቅ የሚጠራ ነው። በሽታ የአላህ ቁጣ ምልክት ነው ብሎ በደፈናው የሚናገር ሰው እነዚህን ሁለቱን የት ሊያደርጋቸው ነው?

ያንኑ ታሪክ ተገን አድርገው «ወረርሽኝ ካለበት ሽሹ ተብሏል» የሚሉም አሉ። ይህ ቦታውን የሳተ ማስረጃ ነው። ጧዑን በአብሮ መኖር ይተላለፋል፤ ኤችአይቪ በመጨባበጥ፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በአንድ ሰፍ በመስገድ፣ በአንድ የውዱእ ማሰሮ አይተላለፍም። የእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 በአቡዳቢ ባካሄደው 9ኛ ጉባኤው ጉዳዩን ከሐኪሞች ጋር መርምሮ፣ በሽታው በተለመደ አብሮ መኖር ስለማይተላለፍ ታማሚውን ማግለል በሸሪዓ ግዴታ እንዳልሆነ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ደፍኗል። በየመድረሳችን ግን ደረሳው የሚበላበትን ሳህን ለብቻ የሚያስቀምጡ አሁንም አልጠፉም። ካፋ ውስጥ ደግሞ ስኒ መለየት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። የማንጆ ማኅበረሰብ አብሮ ከመብላትና ከመጋባት ተገልሎ ስንት ዘመን እንደኖረ፣ ያም በልጆቹ ላይ ያሳደረውን ጠባሳ እያየን ያደግን ነን።

ሌላው ሩቅያ ነው። ሩቅያ ሱና ነው፤ ቁርኣን ሺፋ መሆኑን አምነናል። ነገር ግን «መድኃኒቱን ተወውና ይቀራልሃል» የሚል ሰው በሌላው ሕይወት እየፈረደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ራሳቸውም ታክመዋል። ዱዓውም ኪኒኑም አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒቱ የተቋረጠበት ልጅ ለጥቂት ወራት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ያ ደህንነት ነው ብዙዎችን የሚያታልለው። በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በዚያው ሰሞን ይበዛል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋምም ሊሆን ይችላል።

ኒካሕን በተመለከተ ወጣቶቹ ራሳቸው የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ያገባናል?» እዚህ ላይ ሳይንሱ ከኛ ንግግር ቀድሞ ሄዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2023) እንዳረጋገጠው፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ ተገቢው ሕክምና ካለ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለእነዚህ ወጣቶች ትዳርም ልጅም የተከለከለ ነገር አይደለም። መደበቅ ግን አይፈቀድም፤ የትዳር አጋሯ ከኒካሕ በፊት የማወቅ መብት አላት፣ እርሱም እንዲሁ። ያው የፊቅህ አካዳሚ ውሳኔም ጤነኛው ወገን መለየትን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይቀበላል። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ቦታ የምርመራ ወረቀቱ ኒካሕ አሳሪው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያም በሽማግሌዎቹ እጅ ሲዞር አይተናል። ውጤቱን ማወቅ ያለባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኢማሙ «ተመርምራችኋል? ተነጋግራችኋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ወረቀቱን አይሰብስብ። የሰው ምስጢር አማና ነው።

ይህ ሁሉ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ከኛ የማይሻሉ አገሮች አሳይተዋል። የኡጋንዳ እስላማዊ የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኢማሞችንና ረዳቶቻቸውን አሠልጥኖ ቤት ለቤት አሰማርቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራምም ሥራውን በአርአያነት አሳትሞለታል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ደግሞ ፋግሚዳ ሚለር የተባለች ሙስሊም እህት ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በአደባባይ ተናግራ፣ ከእነ ፈሪድ ኢስሐቅ ጋር በ2000 (እ.ኤ.አ.) ለሙስሊም ታማሚዎች የቆመ ማኅበር መሥርታለች። ለወጣቶች የቀረበው ግን የዚምባብዌው ዝቫንዲሪ ነው። ስሙ በሾና ቋንቋ «እንደሆንኩት» ማለት ነው። በ2004 የተጀመረው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወጣቶች በሚገናኙበት አንድ የድጋፍ ቡድን ነው፤ ኋላ ወጣቶቹ ራሳቸው ሠልጥነው ሌሎች ወጣቶችን ቤታቸው እየሄዱ የሚደግፉበት ሥርዓት ሆነ። በገጠር ክሊኒኮች የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት፣ ይህ ድጋፍ ከመደበኛው አገልግሎት ጋር ሲታከል ሕክምናው ያልሠራላቸው ወጣቶች ቁጥር በ42 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለየው አጠገባቸው የነበረው ሰው ነው።

ካፋ ላይ ኬፕታውንን እንገንባ አንልም። የካፋ ሙስሊም ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ይህ ለመረዳዳት ይመቻል፣ ለምስጢር ግን አይመችም። በቦንጋ አንድ መስጂድ ላይ «የኤችአይቪ ኮሚቴ» ብለን ብናቋቁም በሩን የሚረግጥ ወጣት አይኖርም፤ ረገጠ ማለት ታወቀ ማለት ነውና። ስለዚህ ሥራው በዝምታ ቢሆን ይሻላል ባዮች ነን። ለምሳሌ የዘካ ገንዘብ። ድሃ ልጅ ዘካ የሚገባው ድሃ ስለሆነ እንጂ ስለታመመ አይደለም። ኮሚቴው «ለምን ፈለግከው?» ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ፈቂር ወይም ሚስኪን መሆኑ ከታወቀ በእጁ ይሰጠዋል፣ ልጁ ቦንጋ ይሂድበት ጅማ የእርሱ ጉዳይ ነው። የመጓጓዣው ችግር ማንም ምንም ሳያውቅ የሚፈታበት መንገድ ይህ ነው። እንዲሁም የዞኑ መጅሊስ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግሮ፣ በየወረዳው ምስጢር የሚጠብቁ አንድ ኡስታዝና አንዲት ኡስታዛ መርጦ ቢያሠለጥን ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለአያቲቱም የምትጠይቀው ሰው ይገኛል። ሴቷን የጠቀስነው በልማድ አይደለም። የካፋ ልጃገረድ ይህን ጉዳይ ለወንድ ኡስታዝ አታወራም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር በቀጥታ እንበል። 15 ዓመት የሞላው ሰው በአገራችን የምርመራ መመሪያ መሠረት በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል፤ ወላጅ ይዞ መምጣት ግዴታው አይደለም። ለሥራ ስትወዳደሩም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በኤችአይቪ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል።

በመግቢያችን ላይ ያነሳነው ዓይነት ልጅ አንዱን እናውቀዋለን። አያቱ እውነቱን የነገረችው ዘግይታ ነው፤ ከርሷ ጋር ሆኖ የነገረው ደግሞ አንድ በዕድሜ የሚበልጠው፣ እርሱም ቫይረሱ ያለበት ወጣት ነበር። ልጁ ለሳምንታት ማንንም አላናገረም። አንድ ቀን ረመዷን ሊገባ ሲል ስልክ ደወለልን። ሰላምታውን እንደጨረሰ የጠየቀው ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ነበር፤ ከኢፍጣር በኋላ ይዋጠው ወይስ ለሱሑር ሲነሳ። ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሁለቱም ይሆናል፣ ዋናው በየቀኑ ሰዓቱን አለማዛባት ነው፣ መጾሙን ግን ሐኪምህን አስቀድመህ ጠይቅ አልነው። «እሺ፣ ከተራዊሕ መልስ አደርገዋለሁ» አለና ዘጋው።